የኩርፊያ አምባ መሰላል

መሥሪያ ቤቴን የለቀቅሁ ዕለት ለንብረት ክፍል ያስረከብኩት አንድ የተበጠሰ ሜትር፣ ሁለት የውሃ ልክ፣ አንድ ዲጂኖና ተረከዙ ያለቀ ቡትስ ጫማ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰው ጫማውን አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄንንስ እዚያው ገደል ጥለኸው ብትመጣ ይሻል ነበር» አለኝ። ፈርሜ ወጣሁ። ጡረታዬ ገና ነበር፤ እንዲሁ ራሴን አሰናበትኩ። አሁን መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ደብተርና ያገለገሉ መጻሕፍት እሸጣለሁ። ማንም የማይገዛቸውን እኔው አነባቸዋለሁ።

ሰው «ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠራ ነበር?» ሲለኝ እርከን፣ ክትር፣ ችግኝ ጣቢያ እያልኩ እቆጥርለታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሥራዬ ሁሉ የማስታውሰው አንድ መንገድ ነው። የሠራሁትም ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።

ደሴት በውሃ የተከበበ መሬት ነው ብለው ያስተማሩን መምህር ኩርፊያ አምባን ቢያዩ ኖሮ ትርጉሙን ያሻሽሉት ነበር። ከወግዲ መንገድ ወርዶ የግማሽ ቀን እግር የተጓዘ ሰው ደጋው በድንገት ያልቅበታል። ከፊት ለፊቱ፣ ድንጋይ ቢወረውር የሚደርስ በሚመስል ርቀት፣ ዙሪያዋን ገደል የሆነች ጠፍጣፋ ተራራ ብቻዋን ቆማለች። ከደጋው ጋር የሚያገናኛት እንደ በቅሎ ጀርባ የቀጠነ መሬት ነው፤ እሱም አምባዋ ግርጌ ሲደርስ ቀጥ ያለ ቋጥኝ ይዘጋዋል። ከተራራው ተጣልታ ፊቷን ያዞረች ስለምትመስል ኩርፊያ አሏት። ባሕሯ አየር ነው። ጠዋት ጠዋት ከዓባይ ሸለቆ የተነሣ ጉም ዙሪያዋን ሲሞላው ደግሞ የመምህራችን ትርጉም ለጥቂት ሰዓት ልክ ይሆናል።

ታሪኳን የጠየቀ ሰው ከሦስት ወሬ አንዱን ይሰማል። አንዳንዱ፣ ደም ያለበት ሰው ሚስቱንና ማረሻውን ይዞ ሸሽቶ የወጣባት ናት ይላል። ሌላው፣ የጥንት መሳፍንት ወንድሞቻቸውን ያስሩባት ነበር ይላል፤ በአገራችን ገደል ባለበት ሁሉ የታሰረ መስፍን አይጠፋምና እዚህ ላይ አልከራከርም። ሦስተኛው፣ አንድ ሼህና አንድ መነኩሴ በአንድ ቀን ወጥተው፣ አንዱ ወይራ ሌላው ጽድ ተክለው፣ ሳይጣሉ አብረው አረጁ ይላል። የሼሁ መቃብር ከወይራው ሥር፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከጽዶቹ መሃል ስላሉ እኔ ሦስተኛውን መርጫለሁ። ማስረጃ የሚወዱ ወዳጆቼ በዚህ ይናደዱብኛል።

መጀመሪያ ስወጣባት አሥራ አንድ ቤት ነበር። ሰንበሌጡ ትከሻዬ ይደርሳል። ከገደሉ አፋፍ ሽኮኮ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከሥሩ ባለው ሳር ላይ ጭላዳ ተቀምጦ ሥር ይቆፍራል። በምዕራቡ ጫፍ ካለ ዋሻ ምንጭ ይወርዳል፤ እንስራ ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ አንድ ጎረቤት ለማማት እንኳ አይበቃም ነበር። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እማማ ዘነቡ ናቸው። እማማ ዘነቡ የአምባዋ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይህ ጽሑፍም በሌላ በኩል ሲያዩት የእሳቸው ነው።

መውጫው መሰላል ነበር። ሁለት ረጃጅም የወይራ ግንድ፣ በጠፍር የታሰረ መርገጫ፣ ቁመቱ ሦስት ሰው ቢደራረብ። ወደ ኩርፊያ የሚወጣ ነገር ሁሉ በሰው ጀርባ ይወጣ ነበር፤ ጨው፣ ማረሻ፣ ዘር፣ የታመመ ዘመድ። በሬ ሳይቀር። ጥጃውን እንደ ሕፃን አዝለው ያወጡታል፣ እዚያው አድጎ እዚያው ያርሳል፣ ሲያረጅ ታርዶ በብልት ይወርዳል። «የኛ በሬ ቆላ አይቶ አያውቅ፣ ሲሞት ብቻ ነው አገር የሚያየው» ይላሉ እየሳቁ።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስና ሥራ ያስተማሩኝን ሰው ላስተዋውቅ።

ጋሽ ይማም የመሥሪያ ቤታችን አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። ቀጭን፣ ችኩልነትን እንደ ነውር የሚያዩ ሰው። እኔ በከረጢቴ መጽሐፍ ስለማይጠፋ ስሜን ትተው «አንተ መጽሐፍ» ይሉኝ ነበር። አዲስ ቦታ ስንደርስ ሜትር እንዳወጣ አይፈቅዱልኝም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ከዚያ ከኮዳቸው ውሃ መሬት ላይ ያፈስሱና ሂደቱን አጎንብሰው ይከተላሉ። አንዳንድ ቦታ ውሃው ወዲያው ይሰርጋል፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ተባረረ ሰው ይሮጣል። «ውሃ ሆነህ ውረድ» ይሉኛል፤ «አንተ ውሃ ብትሆን በየት በኩል ትሸሻለህ?» እስክሪብቶ አይዙም። ማስታወሻቸው ሁሉ በእርሳስ ነው። ለምን ቢሏቸው፣ «እስክሪብቶ ጥጋብ ነው» ነበር መልሳቸው።

በመጨረሻም ሽማግሌዎቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «እዚህ የሌለው ምንድን ነው?»

የጥያቄው ትርጉም የገባኝ ማሻ አካባቢ ነው። ለመስኖ ኩሬ እንድናስቆፍር ታዘን ሄድን። ቦታው ያማረ፣ ጅረቱ የሚዘምር። ጋሽ ይማም ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ አሰቡ አሰቡና፣ «እንቁራሪት የለም» አሉ። ጋሽ ይማም እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው አንድ መስመር ጻፉና «እንሂድ» አሉኝ። ለካ ጅረቱ የዘመረው ያን ሰሞን ብቻ ነበር፤ ለእንቁራሪት እንኳ የማይበቃ ውሃ ለመስኖ እንዴት ይበቃል? ኃላፊያችን «የመንግሥት ዕቅድ በእንቁራሪት ይሰረዛል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ተሰረዘ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔም በየሄድኩበት ጠይቄዋለሁ። ከአንድ ቦታ በቀር።

ጋሽ ይማም ጡረታ በወጡ ሰሞን ነው የእማማ ዘነቡ ልጅ የሺ የሞተችው። የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሁለት ቀን ያዛት። በመጨረሻ ወንድሟ አበራ ጥጃ በሚታዘልበት ጠፍር ጀርባው ላይ አሳስሮ በመሰላሉ አወረዳት። ታች ደርሶ ሲፈቷት ሞታለች። የት ጋ እንደ ሞተች አያውቅም። መልሶ በዚያው ጀርባው አዝሏት ወጣ፤ ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ተቀበረች።

እማማ ዘነቡ ሐዘን ሳይወጡ መካነ ሰላም ድረስ መጡ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ ተቀመጡ ብላቸውም አልቀመጥ ብለው፣ «ልጄ፣ ገንዘብ አልጠየቅሁህም፣ ስንዴ አልጠየቅሁህም። ሴት በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ የምትወርድበት መንገድ ስጠኝ» አሉ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያመዛዝን ሰው ካለ ላየው አልፈልግም። ሄድኩ። ግን መንገድ ከመሠራቱ በፊት የጥናት ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ፣ «ባህላዊ የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ ሕግ አለ ወይ?» የሚል ነበረበት። ከወይራው ሥር የተቀመጡትን አባወራዎች ጠየቅሁ። ተያዩ። አበራ፣ «ኧረ የለም፣ እኛ ምን ሕግ አለን? ከጥንት እንዲሁ ነው የምንኖር» አለ። በእስክሪብቶ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። የጋሽ ይማም ጥያቄ ቅጹ ላይ ስላልነበረ እኔም አልጠየቅሁም። አራት ቃል ነበር የሚወስደው።

መንገዱ ጥሩ መንገድ ነበር። ይህን በትሕትና አልናገርም። በሁለት እንጨት መካከል ክር ወጥሬ፣ የውሃ ልክ አንጠልጥዬ፣ ቃሬዛ የያዙ አራት ሰዎች ሳያጎነብሱ እንዲወርዱ አድርጌ ቀየስኩት። የሴፍቲኔት ሠራተኞች በዲጂኖና በመዶሻ ገቡበት። ቋጥኙ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ እንጨት ከምረን ስናነድ እንውልና የጋለውን ድንጋይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደፋበታለን፤ እንደ ጥይት ጮኾ ይሰነጠቃል። ውሃውን ሴቶቹ ከዚያው ከምንጩ እየቀዱ ያመላልሱልን ነበር፤ ለማንም አልጎደለም። ሲመረቅ ኃላፊያችን እያለከለኩ ወጥተው፣ «ኩርፊያ ከዛሬ ጀምሮ ታርቃለች!» ብለው ተናገሩ። ፎቶ ተነሣን። እማማ ዘነቡ ፎቶው ውስጥ የሉም፤ እሳቸው መንገዱን ብቻቸውን ወርደው፣ ብቻቸውን ወጥተው፣ መሰላሉን አንሥተው ቤታቸው ጓሮ አጋደሙት። አበራ ሊያነድደው መጥረቢያ ይዞ መጥቶ ነበር አሉ። «ንካውና የናትህን ጡት ቆርጠህ ጣለው» አሉት።

መንገዱ ሥራውን ሠርቷል። በቃሬዛ የወረዱ ሦስት እናቶች ሕፃን ታቅፈው ተመልሰዋል። ይህን የምጽፈው ገለል ያለ ኑሮ ሲባል የሚያምራቸው የከተማ አንባቢዎች እንዳይቸኩሉብኝ ነው። እንዲህ የሚያምራቸውን ሁሉ አንድ ጊዜ በዚያ መሰላል ላይ ምጥ በያዛት ሴት ቦታ ባሰልፋቸው ደስ ይለኛል።

ግን በዚያው መንገድ ሌላም ወጣ። ፍየል።

ኩርፊያ ፍየል አልነበረባትም። የከለከለ ሰው አልነበረም፣ የገዘተ ቄስ አልነበረም። ጥጃ ለማዘል የሚበቃ ጀርባ ለፍየል አይባክንም፣ በቃ። ሕጉ መሰላሉ ራሱ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ሕግ መሆኑን አያውቅም ነበር። እኔ «የለም» ብዬ የጻፍኩት ያንኑ መሰላል ረግጬ ወጥቼ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ፍየሎች ያወጣው አበራ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልጁ መካነ ሰላም ትማራለች፣ ፍየል ደግሞ እንደ በሬ ዓመት አታስጠብቅም። ጎረቤቶቹም አዩና ተከተሉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰንበሌጡ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀረ። ቀጋውና አጋሙ ተጋጠ፣ የወይራ ችግኝ ልጡ ተላጠ። ዝናብ ሲጥል ውሃው አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ በአራቱም ገደል ይዘላል። ምንጩ ቀጠነ። አሥራ አንዱ ቤት ስድስት ሆነ፤ የወረዱት አልተመለሱም። አበራም እናቱን «ታች ቤት ልሥራልሽና እንውረድ» ይላቸው ጀመር። እሳቸው አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው፦ «የሺን ማን ጋር ጥዬ?»

የሆነውን ለጋሽ ይማም ለመንገር ቤታቸው ሄድኩ። ታመው ተኝተው ነበር። ጨርሼ እስክነግራቸው ዓይናቸውን አልገለጡም።

«ጠየቅሃቸው?»

«ቅጹ ላይ አልነበረም፣ ጋሼ።»

«ቅጹን ማን ወለደው?» አሉ። ከዚያ «አብሽር፣ አንተ መጽሐፍ። ሰው የሠራው ነገር ሰው ይፈታዋል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አፈር ስናለብሳቸው እያሰብኩ የነበርኩት ስለ ፍየል መሆኑን ብናገር ይቅር የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሥራዬን የለቀቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለኃላፊያችን ሪፖርት ጽፌ ነበር። «የተሳካ ፕሮጀክት ላይ ቅሬታ አይጻፍም» ብለው መለሱልኝ። አልተከራከርኩም።

ባለፈው የካቲት አንድ ማክሰኞ ሱቄ ደጃፍ አበራ ቆሞ አየሁት። ሰላምታውን አሳጥሮ፣ «እናቴ ከሳሃለች» አለኝ።

«ማንን?»

«አንተን። ለሐሙስ ሽማግሌ ይዛለች። ካልመጣህ ራሷ እየተጎተተች እንደምትመጣ ንገረው ብላለች።»

በሕይወቴ ተከስሼ አላውቅም፤ በወሎ ሽማግሌ መከሰስ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ሐሙስ በጠዋት ደረስኩ። ከወይራው ሥር የስድስቱ ቤት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ከማዶ ደጋ የመጡ ሼህ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ጠብ ሲኖርበት የሚጠራቸው። እማማ ዘነቡ ተነሡ።

«ይህ ሰው መንገድ አምጥቶልኛል፤ እግዜር ይስጠው። በመንገዱ ፍየል ወጣ። ፍየሉ ሳሩን በላ፤ ሳሩ ሲያልቅ ውሃዬ አለቀ። ዛሬ እንስራ እስኪሞላልኝ የአምባውን ሰው ሁሉ አምቼ ራሴን ማማት እጀምራለሁ።» ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ውሃ ካለቀ ልወርድ ነው። ልጄ ብቻዋን ልትቀር ነው። ካሳዬን ስጡኝ።»

መናገር ፈለግሁ፤ ሼህ ሙሄ በእጃቸው አስቆሙኝ። አበራ ግን አልተቻለም። «ፍየሎቹ የኔ ናቸው፤ እሱን ለምን ትከሽዋለሽ? መንገዱ ይሰበር ልትሉ ከሆነ ግን መጀመሪያ እኔን ስበሩኝ! የሺን ያወረድኳት እኔ ነኝ። አንገቴ ሥር ነበር የምትተነፍስ። እስከ የት ድረስ እንደ ተነፈሰች አላውቅም። ዳግም ሴት አዝዬ መሰላል አልወርድም!»

 ያን ጊዜ ነው የእማማ ዘነቡ ዘዴ የገባኝ። የገዛ ልጃቸውን በሽማግሌ ፊት አቁመው «ውሃዬን ያደረቅህ አንተ ነህ» ቢሉት ቤታቸው ይፈርሳል። ጎረቤቶቻቸውን ቢከሱ ስድስቱ ቤት ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። ስለዚህ ጥፋቱን የሚሸከም፣ ነገ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ፈለጉ። ከዚህ የተሻለ ዳኝነት ባነበብኳቸው የሕግ መጻሕፍት አላገኘሁም። ደግሞም የከፋው ነገር፣ ክሱ እውነት ነበር።

ተነሥቼ፣ «ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ። «ስመጣ መጠየቅ የነበረብኝን አልጠየቅሁም። እዚህ የሌለው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃችሁ ምን ትሉኝ ነበር?»

አበራ መሬት መሬት እያየ፣ «ፍየል» አለ።

ሼህ ሙሄ ጢማቸውን ዳበሱ። «እንግዲህ አጥፊው አምኗል። ካሳው ይሄ ነው፤ ወላድ ትለፍ፣ ፍየል አትለፍ። እንዴት እንደሚሆን የሠራው ያውቃል።» ዱዓ አደረጉ፤ የጊዮርጊሱ ቄስም «አሜን» አሉ።

የሠራው ግን አያውቅም ነበር። በር ብናበጅ ፍየል ይዘለዋል፣ ወይም ሰው ረስቶ ክፍቱን ይተወዋል። እስከ ቀትር መንገዱን ወርጄ ወጣሁት። ኮዳዬን አውጥቼ ውሃ አፈሰስኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። የፈሰሰው ውሃ መንገዱ ከቋጥኙ ጎን እንደ ደረት በሚወጣበት ቦታ ጫፉን ዘልሎ ጠፋ። እዚያ ቆምኩ። ከግራዬ ቋጥኝ፣ ከቀኜ አየር ነው። መንገዱ እዚህ ላይ አራት እርምጃ ቢቆረጥ ፍየል የምትረግጠው አይኖርም። ሰውስ?

ቀና ስል እማማ ዘነቡ ከላይ ቆመው ያዩኛል።  በአገጫቸው ወደ ጓሯቸው ጠቆሙ።

መሰላሉ እዚያ ተጋድሞ ነበር። ወይራ አይበሰብስም።

ሦስት ቀን ሠራን። በገዛ እጄ የካብኩትን ድንጋይ በገዛ እጄ ናድኩ፤ ለዚህ ሥራ ውሎ አበል የለም። ቋጥኙን እንደ ድሮው በእሳትና በውሃ ሰበርነው፤ ውሃውን በጣሳ ለክተው ሰጡን። ክፍተቱን ቆርጠን ስንጨርስ መሰላሉን ማምጣት ነበረብን። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። አበራ ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሌላውን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። እስከ ክፍተቱ ድረስ ተሸከምነው። ከወዲያ ወዲህ አጋደምነው፤ ድልድይ ሆነ። የወላድ ቀን ሳንቃ ይነጠፍበታል፣ ሌላ ቀን ሰው በመርገጫው ይሻገርና መሰላሉ በጠፍር ተስቦ ወደ አምባው ይገባል። ሳንቃውን አንጥፈን፣ አራት ሰው ባዶ ቃሬዛ ይዞ ተሻገረ። ቀጥሎ እማማ ዘነቡ ቃሬዛው ላይ ተቀመጡ። «ኧረ እማማ!» ብንላቸው፣ «ምናችሁ ነው? ልጄ ያልወረደችበትን ልውረድበት» አሉ። ወሰድናቸው፣ መለስናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፍየል ማውረድ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ፍየል ይውረድ ብለው አልፈረዱም ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። አበራ ነው ተነሥቶ፣ «ሰውየው መንገዱን ከሰበረ እኔ ፍየሌን አልሸጥም እንዴ?» ያለው። ሌሎቹ ሊቀድማቸው አልፈለጉም። ሳንቃው ላይ አንድ በአንድ ተነዱ። ከፊሎቹ ወደ መካነ ሰላም ገበያ፣ ከፊሎቹ ታች ላሉ ዘመዶች። የልጁ ትምህርት እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ለደብተሩ እኔ አለሁ፤ ሌላውን እሱ ያስብበታል።

ሣሩ ይመለስ አይመለስ፣ ምንጩ ይወፍር አይወፍር አልናገርም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተንብያለሁ፤ አሁን ደሞዝ አይከፈለኝም።

በመጨረሻ የተሻገርኩት እኔ ነኝ። ሳንቃው ተነሥቶ ስለነበር በመርገጫዎቹ ላይ ሄድኩ። በየመርገጫው መካከል ታች ያለው ሸለቆ ይታያል። ከመሃል ስደርስ ቆምኩ፤ የሺ ስትሞት የትኛው መርገጫ ላይ እንደ ነበሩ ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። «እለፍ እንጂ!» አለ አበራ ከኋላዬ። አለፍኩ። ዞር ስል ጠፍሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ መሰላሉን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ይስባል። ጨርሶ ሲገባ ኩርፊያ እንደ ድሮዋ ለብቻዋ ሆነች።

ቋጥኙ ላይ ተቀመጥኩና ደብተሬን አወጣሁ። «እዚህ የሌለው» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ፍየል» አልኩ።

በእርሳስ ነው የጻፍኩት።